ገመዱም ይደክማል

ከፒያሳ ጫነን፤ አሥራ ሁለት ሆንን፤
«ጠጋ በሉ» ሲለን፣ አሥራ አምስት አከልን።
ራስ መኮንን ድልድይን፣ አልፎ ዳገት ሲይዝ
ሞተሩ ያስላል፣ ሁለት ማርሽ ሲታዘዝ።

እኔ ከኋላ ነኝ፣ መስኮቱ ከማይከፈት፣
ጭኔ ላይ የልጆች፣ የፈተና ወረቀት።
ከጎኔ አንዲት ሴት፣ በፌስታል ቲማቲም፤
በስልክ ትምላለች፦ «እውነት አልዘገይም»።
ረዳቱ በር ላይ ነው፣ ግማሹ ውጭ ነው፤
ግማሹ ብቻ ነው፣ ከኛ ጋራ ያለው።
«ስድስት ኪሎ! ስድስት!» ድምፁ ይቀድመዋል፤
ታክሲው ሳይደርስ ጥሪው፣ አስፋልት ይሻገራል።

አራት ኪሎ ደረስን።
ሐውልቱን ከመሀል፣ እንደ ችካል ተክሎ
መንገዱ ሁሉን ሰው፣ ያዞራል ጠቅልሎ።
ሹፌሩ ፍሬን አልያዘ፤ መሪውን ወደ ግራ
ጠመዘዘው፤ እኛ ወደ ቀኝ፣ ሁላችን በጋራ
ተደፋን፤ ቲማቲሙ፣ ከፌስታሉ አምልጦ
በወንበሮቹ ስር፣ ሄደ ወደ በሩ ሮጦ።

ሴትዮዋ ትከሻዬ ላይ፦ «ይቅርታ አባባ፣ ገፋኝ!»
«ማን?» ልላት ነበረ፤ የመምህር አመል ያዘኝ።
ማንም አልገፋሽም፤ ሰውነትሽ ያው ነው፣
የጀመረውን መንገድ፣ ቀጥታውን ነው የሚሻው።
ወደ ውጭ የሚገፋ፣ ኃይል የለም ከቶ፤
ያለው ወደ መሀል፣ የሚስብ ነው ጎትቶ።

ይህን ሠላሳ ዓመት፣ በጠመኔ ጽፌአለሁ፤
ድንጋይ በሲባጎ አስሬ፣ ከራሴ በላይ አዙሬአለሁ።
ሲባጎውን ስለቀው፣ ድንጋዩ ወዴት ይሄዳል?
ግማሹ ክፍል «ወደ ውጭ!» ብሎ ይጮሃል።
ወደ ውጭ አልሸሸም፣ ክቡን አልመለሰ፤
ከተለቀቀበት፣ ቀጥ ብሎ ገሰገሰ።
(የአሥራ አንደኛ «ሐ»ን መስኮት ያን ዓመት ከደመወዜ ከፍያለሁ።)

«ፍጥነቱን ብታጥፉት፣ ስበቱ ስንት እጥፍ ይሆናል?»
«አራት!»
«አራት ምን?»
«አራት ኪሎ!» ይላል አንዱ፤ ክፍሉ በሳቅ ይፈነዳል።

ያው ቀልደኛ ልጅ፣ በማጠቃለያው ፈተና፣
ጥያቄ ሰባት ላይ፣ «ሲባጎው ለምን ተበጠሰ?» ብል
ፍጥነት፣ መጠነ ቁስ፣ ሬዲየስ፣ ሦስቱን ነበር የጠበቅሁት፤
አንድ መስመር ጻፈ፦ «ቲቸር፣ ገመዱም ይደክማል።»
በቀይ እስኪርቢቶ፣ ዜሮ ሰጠሁት።

አሁን ታክሲው ሲዞር፣ ዓይኔ በሩን አየው፤
መቆለፊያው ሞቷል፣ የሚዘጋው በእጅ ነው።
አሥራ አምስታችንን፣ ያቆመን አንድ ክንድ፣
የከሳ፣ ጅማቱ፣ የተወጠረ እንደ ገመድ፤
መዳፉ ላይ ፋሻ፣ ጠርዙ የጠቆረ፤
ቲማቲሟን በእግሩ፣ አገዳትና ዞረ።

«ቲቸር! ረሱኝ? ክንዱ ነኝ።»

ክንዱ።
በስም መጥሪያው ላይ ዓመት ሙሉ ጠርቼው
አንድም ቀን ስሙን አልሰማሁትም።

«ትምህርቱስ?» አልኩት፤ ሐውልቱ በመስኮት ያልፋል።
«አባዬ ሲያርፍ ተበጠሰ» አለ፤ ጥርሱ ግን ይስቃል፤
«እርስዎ እንዳሉት ነው፤ ዞሬም አላየሁ፤
ከተለቀቅሁበት፣ ቀጥ ብዬ ተራ ገባሁ።»

ብር ዘረጋሁለት። «ተከፍሏል» አለኝ።
«ማን ከፈለ?»
ዝም። መሬቱ ሌላ ጥምዝ ጀመረ፤
ክንዱ ብረቱ ላይ፣ አንድ ጊዜ ተንቀጥቅጦ ከረረ።

ስድስት ኪሎ ስወርድ፣ ግራ እጁን ሰጠኝ፤
ቀኙ ሥራ ላይ ነው።
ሐውልቱን ዞረና፣ ታክሲው ተመለሰ፤
«ፒያሳ! ፒያሳ!» ድምፁ ቀድሞት ደረሰ።
ከወረቀቶቹ ላይ፣ ያንኑ ጥያቄ አየሁ፤
ቀይ እስኪርቢቶ አውጥቼ፣ ክዳኑን ሳልከፍት ቆየሁ።